አንዲት ኩባያ ገብስ

ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን ወጥታችሁ በስተግራ ያለው በር የእኔ ነው፤ በስተቀኝ ያለው የወጋየሁ። ስለ እሱ ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። ስለ እሱ ለመናገር አፍ የሌለኝም እኔው ነኝ። ቢሆንም እናገራለሁ፤ ዝም ማለቴ ያመጣውን አይቻለሁና።

ወጋየሁ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሰርቪስ ሹፌር ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠራተኛውን ከጀሞ ጭኖ በመካኒሳ በኩል መሀል ከተማ ያደርሳል፣ ማታ መልሶ ያመጣል። በሃያ ዓመት አንድ ቀን ሰው አላስረፈደም ይሉታል። ትዳር አልያዘም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ሳስብበት መሸብኝ ይለኛል። ያለችው አንዲት ታናሽ እህት ናት፣ አረጋሽ፤ ቤቷ ጎፋ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ናዝሬትን ያሳደገችው ከወንድሟ ጋር እየተጋገዘች ነው። ልጅቷን ትምህርት ቤት ያስመዘገባት እሱ፣ ስትታመም ተሸክሞ የሮጠው እሱ፣ ስታጠፋ የተቆጣትም እሱ። እሁድ እሁድ ምሳውን እነሱ ጋ ይበላ ነበር።

ሆዱን ማመም የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ አሜባ ነው አሉት፣ ኪኒን ሰጡት። ቀጥሎ ጃርዲያ፣ ከዚያ ታይፎይድ፣ ከዚያ ጨጓራ። የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ብለው አፍ የሚያመርር ኪኒን አሥራ አራት ቀን አስዋጡት። ለውጥ የለም። ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ያስሮጠዋል። እስቲ አስቡት፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ መካኒሳ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ሹፌሩ ራሱ መውረጃ ሲያጣ። አንድ ቀን መኪናውን ከነሰዉ ዳር አስይዞ ወደ ነዳጅ ማደያ ሮጠ። ሠራተኛው ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ መውጣት ጀመረ። እየከሳ ሄዶ ቀበቶው ላይ በምስማር ቀዳዳ ጨመረበት። ጠበልም ገባ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሌላ ዓይነት በሽታ ነበር የመሰለኝ። አፌ ክፉ ነው፣ ሐሳቤም ከአፌ አይሻልም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ደሙ አልቆ ደረጃው ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሲወስዱት አንድ ወጣት ሐኪም በጉሮሮው ቱቦ አስገብቶ ከአንጀቱ ቆንጥሮ ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ፣ በሽታህ ሴሊያክ ይባላል አለው። ስሙን ሲነግረኝ የሆነ ፈረንጅ ስም ነበር የመሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስንዴ ሲበላ የገዛ ሰውነቱ ተነሥቶ አንጀቱን ይጎዳዋል፤ የተጎዳው አንጀት ደግሞ የተበላውን አይመጥም። ኪኒን የለውም። ያለው መተው ብቻ ነው፤ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ስንዴ የነካው ሁሉ፣ ዕድሜ ልክ። ሐኪሙ ይህን ተናግሮ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጠውና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ወጋየሁ ወረቀቱን አጥፎ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አስቀመጠው። ስንዴ የሚለውን በቃሉ ያዘ፤ ሌላውን አላነበበውም።

መተው ቀላል ይመስላል። አይደለም እንጂ! ሹፌሮቹ ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው ፉል በዳቦ ይበላሉ፤ እሱ ሻይ ይዞ ያያቸዋል። ትንሽ ሰነበተና ቀረ። ምግብ ቤት ገብቶ ስንዴ የሌለበት ምን አላችሁ ቢል፣ አስተናጋጇ የጾም አለ ጋሼ አለችው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር አላቸው፤ ተባርኮ ተቆርሶ የሚታደለውን ዳቦ ተቀብሎ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል፣ ለእኔ ያመጣልኛል። ሁለት ሦስት ወር ይህን ሲያደርግ አዩትና፣ ወጋየሁ ጴንጤ ሆኗል የሚል ወሬ ተነሣ። አንዱማ ሊመክረው ቤቱ ድረስ መጣ። ጉርሻ ሲዘረጋለት ፊቱን ይመልሳል፣ ያጎረሰችው ሴት ትቀየማለች። በሽታ ነው ሲላቸው ደግሞ ይተላለፋል ብለው ብርጭቆውን ይለዩበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሰው ወጣ። ደካማ ነው ተብሎም ከመሪው አንሥተው ስምሪት ክፍል ወንበር ሰጡት። ማታ ሙዝና ድንች በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ከገባ በኋላ ከዚያ ቤት ድምፅ አይሰማም።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዝኩት። አንተ ሰውዬ በድንች ብቻ ልትሞት ነው ወይ፣ ጤፍስ ምን አደረገህ ብዬ ጮኽኩበት። ጤፍ ይቻላል አለኝ፤ ግን የሱቅ እንጀራ ምን እንደሚቀይጡበት አይታወቅም፣ ራሴ እንዳልጋግር አላውቅበት። ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ክበብ ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ስንቱን ሠራተኛ ያበላሁ ሴት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሰው በድንች ሊኖር? ከዛሬ ጀምሮ እራትህ እኔ ቤት ነው፣ የእኔ ንጹህ ጤፍ ነው አልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ከአፌ የወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ በየማታው አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፣ የመንገዱን ወሬ ያወራኛል፤ የትኛው ድልድይ እንደፈረሰ፣ የትኛው አዲስ ሹፌር መኪናውን ከግንብ ጋር አስታክኮ እንደላጠ። እኔ እቆጣዋለሁ፣ እሱ ይስቃል። ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጄ ዮኒ ሐዋሳ ነው የሚሠራው፣ በሳምንት አንዴ ይደውላል። ከሰው ጋር አንድ ትሪ ላይ መቅረብ ምን እንደሚመስል ረስቼው ኖሯል። ወጋየሁ የማንንም ጉርሻ አይቀበልም፤ የእኔን ይቀበላል። በሞቴ ብዬ አንዴ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ብቻውን አይሆንም ብዬ። ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ከማንም በላይ እኔን ማመኑ ያኮራኝ ነበር።

አሁን ወደ ገብሱ ልምጣ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ አራስ በገብስ ትጠገናለች፣ የከሳ በገብስ ይመለሳል፣ መንገደኛ በሶውን ይዞ ይወጣል። እንጀራዬ ሲመሰገን ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሦስት ቀን አድሮ እንደ ዕለቱ የሚለሰልሰው በምንም ተአምር አይደለም። ሊጡ ላይ አንዲት ኩባያ የገብስ ዱቄት እጨምርበታለሁ። ክበብ ውስጥም እንዲሁ ነበር፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቅይጥ ማለት ለእኔ ነጋዴው ሩዝና ስንዴ የሚሞጅርበት ነው። የገብሷን ነገር እንደ ጨው ነበር የማያት፤ ወጥ ውስጥ ጨው አለበት ብሎ የሚናገር ማን አለ? ወጋየሁም ስንዴ አለኝ እንጂ ገብስ አላለኝም፤ እሱም አያውቅማ።

ክረምቱ ገባ፣ ወጋየሁ አልወፈረም። ድካሙ አለ፣ ሆዱ መለስ ቀለስ ይላል። እኔ እብዷ ምን አደረግሁ? ይሄ ሰው ጉልበት አጥቷል አልኩና አንዷን ኩባያ ሁለት አደረግኋት። ብሶበት ሲያድር ደግሞ በማግሥቱ ብላ እንጂ ብዬ እቆጣለሁ። በገዛ እጄ ጠቅልዬ አጎርሰዋለሁ።

መስከረም ላይ ለክትትል ሄደ። ደሙን መርምረው፣ አልተሻለህም፣ ከአንድ ቦታ እየገባብህ ነው፣ ፈልገህ አግኘው አሉት። በዚህ ጊዜ የምግብ ባለሙያ አገናኙት። ሴትየዋ አንድ በአንድ በአማርኛ ጻፈችለት። ማታ ሲመጣ ወረቀቱን በሁለት አስቀድቶ ነበር፤ አንዱን ለእኔ። እንዳትቸገሪ ብዬ ነው እትዬ አፀደ አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። አንደኛው መስመር ስንዴ ይላል። ሁለተኛው ገብስ ይላል፤ ዱቄቱም፣ ጠላውም፣ በሶውም።

እጄ ላይ ያለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። እሱ አላየኝም፤ ያነበበውን እያሰበ ነው። ገብስም አለበት ለካ አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። በፋሲካ አረጋሽ ጠላ ሰጥታኛለች አለ፤ መኮሮኒ የምትቀቅልበት ድስትም ያው የእኔን ድንች የምትሠራበት ነው፣ ማማሰያዋም ያው ነው። ያንቺ እንኳ ንጹህ ጤፍ ነው፣ የቀረችው እሷ ናት አለኝ።

በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ያልቅ ነበር። ስልኩን አወጣ፣ እኔው ፊት ቆሞ ደወለላት። ስምንት ወር ሙሉ እየመረዝሽኝ ነው አላት። ጥንቃቄ የሌለሽ፣ ለሰው የማታስቢ፣ ሌላም ሌላም፤ ከዚያ ሰው አፍ ይወጣል ብዬ የማላስበውን ሁሉ። የእሷ ድምፅ በስልኩ ውስጥ እንደ ጫጩት ይሰማኛል፣ ታስረዳዋለች። ሁለተኛ ቤትሽ አልመጣም ብሎ ዘጋው። እኔ ትሪውን አነሣሁ። ውኃ አምጥቼ አስታጠብኩት።

በማግሥቱ የገብሱን ዱቄት ደፋሁ። አሮጌውን እርሾም ደፋሁ፣ ቡሃቃውን በፈላ ውኃ አጠብኩ፣ በአዲስ ጤፍ ከዜሮ ጀመርኩ። እንጀራው ደረቀ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ይሰነጣጠቃል። አንድ ማታ ወጋየሁ፣ እትዬ አፀደ እጅሽ ደከመ እንዴ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትሪውን አነሣበት ነበር። አዎ አርጅቻለሁ አልኩት።

እናም ዳነ። በኅዳር ሆዱ ጸጥ አለ። በታኅሣሥ ጉንጩ ሞላ፣ በምስማር የበሳውን ቀዳዳ ትቶ ወደ ድሮው ተመለሰ። ደረጃውን ሳያርፍ ይወጣል። ባየሁት ቁጥር ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔን ግን ያመኛል። ምክንያቱም እሱ፣ አየሽ እሁድ ጎፋ መሄድ መተዌ ነው ያዳነኝ ይለኛል። አንድ ኪሎ በጨመረ ቁጥር እህቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አገኘ። እሷ ስትደውል አያነሣም። ናዝሬትን ሊጠይቁ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ተቀበልልኝ ብላ በሰው ላከችበት፣ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ፤ እሱ በሌለበት ሽማግሌዎቹን ጎረቤት ተቀበለላት ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ተቀምጬ እሰማለሁ፣ ወጥ እጨምርለታለሁ።

ለምን አልተናገርኩም? ስድብ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ስድብስ እኔም አለኝ። የፈራሁት መቅረቱን ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ሳይንኳኳ ሲቀር እያሰብኩ ዛሬ ልንገረው፣ ነገ ልንገረው ስል አራት ወር ሄደ።

በጥር፣ ሐሙስ ቀን አመሻሽ ላይ አረጋሽ መጣች። የሰርግ ጥሪ ወረቀት በአንድ እጇ፣ በሌላው አዲስ ድስት፣ ካርቶኑ እንኳ ያልወጣለት። የወጋየሁን በር አንኳኳች። ጫማው ደጃፍ ላይ ነው፣ ውስጥ እንዳለ እሷም አውቃለች። ጋሼ፣ ጋሼ እያለች ጠራችው። አልከፈተላትም። ብዙ ቆየች። በኋላ እኔ በሬን ከፍቼ አስገባኋት፣ ውኃ ሰጠኋት፤ ብርጭቆውን ይዛ አልጠጣችውም። ድስቱ ለእሱ ብቻ እንደሆነ፣ ማማሰያም እንደገዛች፣ ቤቷ ውስጥ መኮሮኒ ከገባ አራት ወር እንዳለፈው ነገረችኝ። እንዲያውም በፊትም ድስቱን ሦስቴ ነበር የማጥበው አለች፤ ምናልባት አራቴ ማጠብ ነበረብኝ ይሆናል። ራሷን ወንጅላ ጨርሳለች። ከዚያ ቀና አለችና፦

«እትዬ፣ እሁድ ልጄ የማንን ጉልበት ትስማለች?»

አባት የለ፤ አጎቷ በቁሙ እያለ የአባት ወንበር ባዶ ሊሆን ነው። ድስቱን እኔ ጋ ትታ፣ ለእኔም የጥሪ ወረቀት ሰጥታ ሄደች። የጎፋን ታክሲ ለመያዝ በአስፋልቱ ዳር ስትሮጥ በመስኮት አየኋት።

አንድ ሰዓት ሆነ። እሱ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፣ እኔ ሄድኩ። ቤቱን በውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚመጣው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። የባለሙያዋ ወረቀት ቁም ሳጥኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። እራት ደረሰ ወይ አለኝ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ የምመለስ መሰለኝ።

«ገብስ ያበላሁህ እኔ ነኝ። እንጀራዬ ውስጥ ነበረበት። አረጋሽ ምንም አላደረገችህም።»

ትንሽ ፈገግ አለ፣ የምቀልድ መስሎት። ከዚያ ፊቴን አየና ተወው። ጩኸት ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በዝግታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዛሬ ብል ያምነኝ ነበር። እዚያ ላይ መዋሸት እችል ነበር፤ ምላሴም ተዘጋጅቶ ነበር። ወረቀቱን ያመጣህልኝ ማታ አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መቁጠር ሲጀምር ታየኝ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ።

«ገብሱስ ሳታውቂ ነው» አለኝ። «ግን እህቴን ስሰድባት አጠገቤ ነበርሽ።»

አለቀስኩ። እኔ ማልቀስ አልወድም፤ ሲያለቅሱ ለማየትም ትዕግሥት የለኝም፤ የዚያን ቀን ግን አልቻልኩም። ብቻዬን መብላት ፈርቼ ነው አልኩት። ሰማኝ። እኔም ፈርቼ ነበር አላለኝም፣ ይቅርም አላለኝም። ድስቱ የት ነው አለ፤ ካርቶኑን አምጥቼ ሰጠሁት። ሁለት እጁን አድርጎበት ተቀመጠ፤ ሂጂ ሳይለኝ ወጣሁ።

እሁድ ጠዋት ግራጫ ሱፉን ለብሶ ሲወጣ አየሁት። ካርቶኑን ታቅፎታል። እኔ ጥሪ ነበረኝ፣ ልብሴንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ግን በምን ዓይኔ አረጋሽን አያታለሁ ብዬ ቀረሁ። መኪኖቹ በጡሩምባ እየጮኹ በመንገዱ ሲያልፉ የእነሱ ይሁን የሌላ አላወቅሁም፤ ጥር ነው፣ ሁሉም ይድራል።

ሰኞ አረጋሽ ደወለችልኝ። በአባት ወንበር ተቀመጠ አለች። ናዝሬት ጉልበቱን ስማ ቀና ስትል ግንባሯን ስሞ መረቃት። ምሳ ሲቀርብ በአዲሱ ድስት የተሠራውን ለብቻው በሳህን ሰጡት፤ በሰው መሀል ተቀምጦ በላ። ያንን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ፣ ስለነገርሽው አመሰግናለሁ እትዬ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አረጋሽ ጤፉን ራሷ አስፈጭታ ትጋግርለታለች። እሁድ ሄዶ የሳምንቱን እንጀራ በአገልግል ይዞ ይመለሳል። ጤናው ጥሩ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን አሳድሶ ወደ መሪው ሊመለስ ነው ይላሉ፤ እኔ ከሰው ነው የምሰማው። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን በሬን ገርበብ አድርጌ እቆያለሁ። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ሲደርስ ቆም ይልና፣ እንዴት ዋሉ ወይዘሮ አፀደ ይለኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ። ቁልፉ እስኪዞር እጠብቃለሁ። ከዚያ ተነሥቼ የአንድ ሰው እራት አቀርባለሁ።